ውኃን ስለ ማጥራትና ስለ ረቂቁ የናኖ ጥበብ

ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ አስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ

ውኃ ለሰውም ለእንስሳም ለአዝመራም የሕይወት መሠረት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሕይወትን የሚሰጠው ውኃ ሕይወትን የሚያጠፋም ሊሆን ይችላል፤ የሚያጠፋውም ነገር ብዙ ጊዜ በዓይን የማይታይ ነው። ስለዚህ ይህ አጭር ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለማስረዳት ተዘጋጅቷል። አንደኛ፣ ውኃን የሚያበላሹት ነገሮች ምን ምን እንደ ሆኑና መጠናቸው ምን ያህል እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ፣ በዘመናችን ናኖቴክኖሎጂ የሚባለው ጥበብ እነዚህን ነገሮች በምን አኳኋን እንደሚይዝ፤ ሦስተኛ፣ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ወደ መንደር ሲመጣ አስተማሪውና ሽማግሌው አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባው ምን እንደ ሆነ ነው።

1. ስለ ይፋት ቆላ ውኃ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሰሜን ሸዋ ቆላ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1280 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በስተ ምዕራብ ያለው የጣርማበር ተራራ ግን ከ3000 ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ በደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በአጭር መንገድ ብዙ ቁልቁለት ወርዶ ወደ ቆላው ይደርሳል። ሮቢና ጀውሃን የመሳሰሉት ወንዞችም ከደጋው ተነሥተው ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርዱ ናቸው።

ከላይ ወደ ታች የሚሮጥ ውኃ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። በክረምት የእርሻውን አፈር፣ የከብቱን እበት፣ በየሜዳው የተጣለውንም የሰው ዓይነ ምድር አጥቦ ያመጣል። በበጋ ደግሞ ወንዙ ይጎድልና ሰውና ከብት ከአንድ ኩሬ ለመጠጣት ይገደዳሉ። በመስኖ ሽንኩርትና ሌላም አትክልት በሚለማበት ስፍራ፣ የተባይ መድኃኒት የተረጨበት ዕቃ በቦይ ውስጥ ቢታጠብ መርዙ ወደሚጠጣው ውኃ ይገባል። የቆላው ሙቀትም ውኃ ጥምን ያበዛል፤ የጠማው ሕፃንም ያገኘውን ይጠጣል እንጂ አይመርጥም።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም። ተቅማጥ ከሕፃኑ ገላ ውኃውንና ጨውን አሟጥጦ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከሞት የተረፈውም ደጋግሞ ሲታመም ሰውነቱ ይቀጭጫል፤ ከትምህርት ቤትም ይቀራል። አስተማሪ በመዝገቡ ላይ የቀሩትን ተማሪዎች ሲቆጥር፣ ከሰነፉ ይልቅ የታመመው ሊበዛ እንደሚችል ማሰብ ይገባዋል።

2. የጠራ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ብዙ ሰው ውኃ ከጠራ ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። ይህ ግን ስሕተት ነው። በውኃ ውስጥ የሚገኘው ዕድፍ ሦስት ዓይነት ነውና።

የመጀመሪያው በዓይን የሚታየው ነው፤ ይኸውም አፈር፣ ቅጠልና ብናኝ ነው። ሁለተኛው ሕይወት ያለው ነገር ግን በዓይን የማይታየው ነው። የኮሌራና የታይፎይድ ባክቴሪያ፣ ልጆችን የሚያስቀምጡ ቫይረሶች፣ አሜባና ጃርዲያ የሚባሉትም ከዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኛው በውኃ ውስጥ የሟሟው ነው፤ ፍሎራይድ፣ አርሴኒክ፣ የማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ርዝራዥ የመሳሰለው ነው።

ጠላ የምታጠል እናት ይህን በሥራዋ ታውቀዋለች። ጠላው በጨርቅ ሲጠለል አተላው ይቀራል፤ የጌሾው ምሬትና የስካሩ ኃይል ግን ከጠላው ጋር ያልፋል። አስተማሪም በክፍል ውስጥ እንዲህ ያሳይ። ጥቂት ጨውና ጥቂት አፈር በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ በጥብጦ በወፍራም ጨርቅ ደጋግሞ ያጥልለው። አፈሩ በጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ውኃውን የቀመሰ ተማሪ ግን ጨውነቱን ያገኘዋል። የሟሟ ነገር በተራ ወንፊት እንደማይያዝ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ለዚህ ፈተና የሚወሰደው ውኃ አስቀድሞ የፈላ፣ አፈሩም በምጣድ በደንብ የተቆላ መሆኑን መጠንቀቅ ይገባል።

3. ማጣሪያ ከተማን እንዴት እንዳዳነ

በ1892 ዓመት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በጀርመን አገር በሃምቡርግ ከተማ ኮሌራ ገብቶ ከ8000 የሚበልጥ ሰው ገደለ። ከሃምቡርግ ጋር ተያይዛ ትገኝ የነበረችው የአልቶና ከተማ ግን ከዚህ መቅሠፍት አብዛኛውን አመለጠች። ሁለቱም ከተሞች የሚጠጡት ከአንዱ ከኤልቤ ወንዝ ነበረ። እንዲያውም አልቶና ውኃዋን የምትቀዳው ከሃምቡርግ በታች፣ የዚያች ከተማ ዕድፍ ከገባበት በኋላ ነው። ልዩነቱ አንድ ነበረ፤ አልቶና ውኃውን በአሸዋ ታጣራው ነበር፣ ሃምቡርግ ግን ሳታጣራ ትጠጣው ነበር። የኮሌራን ባክቴሪያ አስቀድሞ በ1884 ዓመት ለይቶ ያስታወቀው ሮበርት ኮኽ ይህን ተመልክቶ፣ በሽታው በውኃ እንደሚተላለፍ ትልቅ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ተራ አሸዋ እንኳ በሥርዓት ከተሠራ ሕዝብን ከሞት ይታደጋል። ሁለተኛው፣ ከወንዝ በታች መኖር የሞት ፍርድ አይደለም። ከደጋው የሚወርደውን ውኃ የሚጠጣ የቆላ ሰውም ውኃውን በጥንቃቄ ካጠራው ሊድን ይችላል።

4. ናኖ ማለት ምን ማለት ነው

ናኖ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ድንክ ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ሚሊዮን ክፍል ቢከፈል፣ አንዱ ክፍል አንድ ናኖ ሜትር ይባላል። ናኖቴክኖሎጂም ከአንድ እስከ መቶ ናኖ ሜትር በሚደርስ መጠን ነገሮችን የመሥራት ጥበብ ነው።

ይህን ለማስተዋል ጥቂት ቁጥሮችን እናነጻጽር። የአንድ ሰው ጠጉር ውፍረት 80000 ናኖ ሜትር ያህል ነው። በውኃ የሚተላለፈው የአሜባ ዕንቁላል መሳይ ቅርፊት ከ10000 ይበልጣል። የኮሌራ ባክቴሪያ ርዝመት 2000 ገደማ ነው። ልጆችን የሚያስቀምጠው ሮታ የሚባለው ቫይረስ ከ100 አይበልጥም፤ የፖሊዮ ቫይረስ 30 ብቻ ነው። የውኃ ቅንጣት እራሷ ግን የአንድ ናኖ ሜትር ሲሶ እንኳ አትሞላም።

የኮሌራው ባክቴሪያ አድጎ የማሽላ ፍሬ ቢያህል ኖሮ፣ የሰው ጠጉር ውፍረቱ ወደ አንድ ስንዝር የሚጠጋ ግንድ በሆነ ነበር፤ ቫይረሱም የደቀቀ ዱቄት ብናኝ በሆነ ነበር። ማሽላን የሚይዝ ወንፊት ዱቄትን እንደማይዝ ሁሉ፣ ባክቴሪያን የሚይዝ ማጣሪያም ቫይረስን ሳይዝ ይቀራል። በወንፊት ነገር የቀዳዳው መጠን ሁሉንም ይወስናል።

5. ረቂቁ ጥበብ የሚሠራባቸው ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ የደቀቀ ወንፊት ነው። ዛሬ ከፕላስቲክ ዓይነት እንደ ማካሮኒ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ነገር ግን እጅግ የቀጠነ ክር ይሠራል። በክሩ ግድግዳ ላይ ያለው ቀዳዳ 20 ናኖ ሜትር ያህል ብቻ የሆነም አለ። ብዙ ክሮች በአንድ ላይ ታስረው ውኃ ሲያልፍባቸው ባክቴሪያውና አብዛኛው ቫይረስ በግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ውኃው ያልፋል። ይህን ያህል ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ ዕቃው ከፍ ካለ ስፍራ ቢሰቀል በውኃው ክብደት ብቻ ሊሠራ ይችላል። ጨውንና ፍሎራይድን የሚያስቀረው፣ ቀዳዳው ወደ አንድ ናኖ ሜትርና ከዚያም በታች የሚወርደው ግን ውኃውን በኃይል የሚገፋ ሞተር ይፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ መያዝ ነው። ይህ በወንፊት ሳይሆን በገጽ ስፋት የሚሠራ ነው። በእያንዳንዱ ጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ ብንወስድ የስድስቱ ገጾቹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ይኸው ድንጋይ ጎናቸው አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ሆነ ቁርጥራጮች ቢከፋፈል ስፋቱ 60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እስከ አንድ ናኖ ሜትር ቢደቅ ግን 6000 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ሁለት ጥማድ በሬ በአንድ ቀን ከሚያርሱት መሬት የሚበልጥ ነው። ድንጋዩ አልጨመረም፤ የተገለጠው ገጹ ነው። በውኃ ውስጥ የሟሟው ፍሎራይድ ወይም አርሴኒክ በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ይጣበቃል፤ ውኃው ግን ያልፋል።

ይህንም አስተማሪ በቀላሉ ማሳየት ይችላል። ክብደቱ እኩል የሆነ አንድ ቁራጭ አሞሌ ጨውና አንድ እፍኝ የተወቀጠ ጨው በሁለት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይጨምር። የተወቀጠው ፈጥኖ ይሟሟል፤ ውኃው የሚነካው ገጽ በዝቷልና። ተማሪዎችም ጎኑ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነ የጭቃ ጡብ ሠርተው ወደ ስምንት እኩል ቁራጭ ይክፈሉት፤ ገጹ ከ24 ወደ 48 ካሬ ሴንቲ ሜትር መድረሱን በሒሳብ ያገኙታል።

ሦስተኛው መንገድ መግደል ነው። ብር ባክቴሪያን እንደሚጎዳ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኗል። ዛሬ ብር እስከ ናኖ ሜትር መጠን ደቅቆ በሸክላ ማጣሪያ ላይ ይቀባል። ሸክላው የሚሠራው ከጭቃና ከደቀቀ ሰጋቱራ ነው። ሲተኮስ ሰጋቱራው ይቃጠልና በስፍራው ጥቃቅን ቀዳዳ ይቀራል። ቀዳዳው አፈሩንና አብዛኛውን ባክቴሪያ ያስቀራል፤ ብሩም የቀረውን ያዳክማል። እንዲህ ያለው ሸክላ በሰዓት ከአንድ እስከ ሦስት ሊትር ያህል ያወርዳል። የእንስራና የገንቦ ሥራ ለሚያውቅ አገር ይህ እንግዳ ጥበብ አይደለም፤ የሸክላ ሠሪዋ ሥራ ከሊቁ ሥራ ጋር የተገናኘበት ነው።

6. በኢትዮጵያና በጎረቤት አገር የተሠራው

በአገራችን የሟሟ ዕድፍ ዋና ምሳሌ የሚሆነው የስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊ ግራም የሚበልጥ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል። በስምጥ ሸለቆው በወንጂና በሌላም ስፍራ ከዚህ መጠን ብዙ የሚያልፍ ውኃ ተገኝቷል። ይህን ውኃ ከልጅነቱ ጀምሮ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ ከበዛና ዘመኑ ከረዘመ አጥንቱም ይጎብጣል። ይህን ውኃ ማፍላት አይጠቅመውም። እንፋሎቱ ሲወጣ ፍሎራይዱ በቀረው ውኃ ውስጥ ይበዛልና ማፍላት እንዲያውም ያከፋዋል።

የኬሚስትሪ ሊቁ ፈለቀ ዘውገ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 ዓመት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለው ነገር ከመጠን ያለፈውን ፍሎራይድ ከውኃ እንደሚያወጣ አስረድተዋል። ይህም ከላይ ሁለተኛ ብለን የጠቀስነው የመያዝ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች የዚህኑ ዓይነት ቅንጣት እያደቀቁ ገጹን ማስፋት ቀጥለዋል። ይፋትም ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ያለ አገር ነውና፣ አዲስ ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ውኃው ፍሎራይድ እንዳለውና እንደሌለው አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

በጎረቤታችን በታንዛንያ አስክዋር ሂሎንጋ የተባሉ መምህር አሸዋንና የናኖ ቅንጣቶችን ያጣመረ ማጣሪያ ሠርተው በ2015 ዓመት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ለአፍሪካ መሐንዲሶች የሚሰጠውን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ አገኙ። በሥራቸው ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባው ነገር አለ። ማጣሪያው ለሁሉ አገር አንድ ዓይነት አይደለም፤ አስቀድሞ የስፍራው ውኃ ይመረመርና ቅንጣቶቹ እንደ ዕድፉ ዓይነት ይመረጣሉ። በህንድም አገር ታላፒል ፕራዲፕና ባልደረቦቻቸው በማድራስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሆነው፣ ብርን ቀስ በቀስ የሚለቅ ማጣሪያ መሥራታቸውን በ2013 ዓመት አሳትመዋል።

7. ጥበቡ የማይችለው

ማናቸውም ማጣሪያ ወሰን አለው። ወንፊቱ በደፈረሰ ውኃ ይደፈናል፤ ስለዚህ የክረምቱን ጎርፍ ውኃ አስቀድሞ ማዝቀጥ ያስፈልጋል። የሚይዘው ቅንጣት ገጹ ሲሞላ መያዙን ያቆማል፤ ውኃው ግን እንደ ቀድሞው ጠርቶ ይወርዳልና ማጣሪያው መሞቱን ዓይን አያውቅም። ይህ ዋና አደጋ ነው። አሮጌው ቅንጣት ደግሞ የያዘውን መርዝ ይዞ የሚቀር ስለሆነ በወንዝ ዳር መጣል አይገባም። የደቀቀው ብርም ከልኩ አልፎ ወደ ውኃ እንዳይወጣ መመርመር አለበት።

ከዚህም ሌላ ዕቃ መስጠት ብቻውን በቂ አይደለም። በኢትዮጵያ ገጠር ስለ አንድ በእጅ የሚያዝ የውኃ ማጣሪያ የተደረገና በ2009 ዓመት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ ዕቃውን በተቀበሉት ዘንድ ተቅማጥ እንደ ቀነሰ፣ ነገር ግን ዕቃውን ዘወትር ይጠቀሙበት የነበሩት ጥቂቶች እንደ ነበሩ ገልጿል። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማጣሪያ ማንንም አያድንም። የተጣራውም ውኃ ባልታጠበ ገንቦ ቢቀመጥ፣ ወይም ባልታጠበ እጅ በጣሳ ቢጨለፍ እንደ ገና ይበላሻል።

8. አስቀድመው የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች

ስለዚህ አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት አዲስ ማጣሪያ ይዞ ወደ መንደር ሲመጣ፣ ሽማግሌው ምስጋናውን ከማቅረቡ ጋር እነዚህን ሦስት ነገሮች ይጠይቅ።

1ኛ. የእኛ ውኃ ተመርምሯልን? በውስጡ የተገኘውስ ምንድን ነው? ባክቴሪያ ላለበት ውኃ ፍሎራይድ የሚይዝ ዕቃ ማምጣት፣ ራሱን ለታመመ የእግር መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

2ኛ. ይህ ማጣሪያ የሚይዘው የትኛውን ነው? የማይዘውስ? ቫይረስን ካልያዘ፣ ከእርሱ በኋላ ምን እናድርግ?

3ኛ. ማን ያጥበዋል? በስንት ጊዜ ይለወጣል? የሚለወጠውስ ከየት ይገዛል፣ በማን ገንዘብ? ለዚህ መልስ ያልተገኘለት ማጣሪያ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥግ ይዞ መቅረቱ አይቀርም።

የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ቢጻፍ፣ ማጣሪያው የገባበትና የሚለወጥበት ቀንም ቢመዘገብ መልካም ነው። አስተማሪ ይዛወራል፤ መዝገብ ግን ይቀራል።

9. እስከዚያ ድረስ የሚደረገው

የናኖ ማጣሪያ ያልደረሰው መንደር እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። ምንጩን በድንጋይና በሲሚንቶ ከልሎ የከብቱን መጠጫ ከበታቹ መለየት፣ መጸዳጃውንም ከውኃው ማራቅና ከዳገቱ በታች መቆፈር የሁሉ መጀመሪያ ነው።

የደፈረሰው ውኃ በዕቃ አድሮ ይዝቀጥ፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል። ቀጥሎ እስኪንተከተክ ይፍላ። ወይም ውኃ አጋር የመሰለው የክሎሪን መድኃኒት በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ይጨመርበትና ለግማሽ ሰዓት ይቆይ። ማገዶም መድኃኒትም ላጣ ሰው የቆላው ፀሐይ ይረዳዋል። በንጹሕና ብርሃን በሚያስገባ የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ጥሩ ውኃ በጠራ ፀሐይ ለስድስት ሰዓት፣ ሰማዩ በደመና ከተሸፈነ ለሁለት ቀን ቢቀመጥ ተሐዋስያኑ ይሞታሉ። ውኃው ለዚህ የሚበቃ ጥራት ያለው መሆኑን ለማወቅ የተሞላውን ጠርሙስ በጋዜጣ ርእስ ላይ አቁሞ ከላይ መመልከት ነው፤ ፊደሉ ከታች ከተነበበ ይበቃል፣ ካልተነበበ ግን እንደ ገና ይዝቀጥ። እነዚህ ሁሉ ተሐዋስያንን ይገድላሉ እንጂ ፍሎራይድንና የተባይ መድኃኒትን እንደማያስወግዱ መዘንጋት አይገባም። የርጭት ዕቃም በወንዝና በቦይ ውስጥ ፈጽሞ አይታጠብ።

የጠራው ውኃ አፈ ጠባብ በሆነና ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ እየተቀዳ ይጠጣ እንጂ አይጨለፍበት። ይህንም ልጆች በትምህርት ቤት አይተው ለእናቶቻቸው እንዲናገሩ፣ አስተማሪው በቃሉ ብቻ ሳይሆን በክፍሉ በር ላይ በሚያቆመው የውኃ ዕቃ ያስተምራቸው።

የናኖ ጥበብ ታላቅ ነገር ነው፤ አባቶቻችን ያላዩትን ያሳያል፣ በእጅ ያልተያዘውንም ይይዛል። ይሁን እንጂ የውኃውን ዓይነት የሚጠይቅ ሽማግሌ፣ የሚለወጥበትን ቀን የሚጽፍ አስተማሪና ዕቃውን የምታጥብ እናት ከሌሉ የደቀቀው ወንፊት ከተቀደደ ወንፊት አይሻልም። በይፋት ቆላ የሚወለደው ሕፃን ከመጀመሪያው ጣሳ ጀምሮ ንጹሕ ውኃ ይጠጣ ዘንድ፣ ጥበቡንና ጥንቃቄውን አንድ ላይ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው።